ቴርሞስታቱ ይቃትታል

[ጠዋት ነው። የአማት ቤት ግቢ። ኮፈኑ የተከፈተ አሮጌ ነጭ መኪና ቆሟል፤ ከፊቱ ስር አረንጓዴ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» የሚለው ሰውዬ፣ ስራው እንኳ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ማባዛት ነው፣ አንድ አዲስ ሮዝ ሳፋ በአንድ ጠርዝ ይዟል። አማቱ በሌላው ጠርዝ ይዛለች። ይጓተታሉ።]

አማት፦ ልቀቅ ብያለሁ፣ ልቀቅ!

ኢንጂነሩ፦ እማማ፣ ለአስር ደቂቃ ብቻ ነው እኮ!

አማት፦ ለአንድ ደቂቃም አይሆንም። ይሄ ሳፋ የተገዛው ለማን ነው?

ኢንጂነሩ፦ ለልጄ።

አማት፦ ለምኗ?

ኢንጂነሩ፦ ገላዋን ልትታጠብበት።

አማት፦ እና አራት ቀን የሆናት ሕፃን ከመኪና ሆድ በወጣ መርዝ ታጥባ አረንጓዴ ሆና ትደግ ነው የምትለው?

ኢንጂነሩ፦ ኩላንት ነው የሚባለው፣ መርዝ አይደለም። እሺ፣ መርዝ ነው። ግን አጥበዋለሁ!

አማት፦ አንተ? ሚስትህ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ብርጭቆ ሲያጥብ አላየሁትም ብላኛለች። [ሳፋውን ትነጥቀዋለች] ያ የቀለም ቆርቆሮ አለልህ። እሱን ስሩ አድርግ።

ኢንጂነሩ፦ እሱማ ቀዳዳ ነው።

አማት፦ ዛሬ የሚያፈስ ነገር እየጠገንክ አይደል? አብረህ ጠግነዋ።

ኢንጂነሩ፦ ይሳቁ፣ ይሳቁ። መኪናውን አስነስቼ ልጄን ይዤ በዚህ በር ስገባ ምን እንደሚሉ ለማየት ነው የጓጓሁት።

አማት፦ እኔም ጓጉቻለሁ። ራዲዮኔን የጠገንክልኝ ጊዜ አንድ ቡሎን ተርፎህ «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ያልከኝን አልረሳሁም።

ኢንጂነሩ፦ ራዲዮው እኮ ይሰራል!

አማት፦ ይሰራል። አንድ ጣቢያ ብቻ። እሱም በማላውቀው ቋንቋ ነው የሚያወራኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስሰማው ከርሜ አሁን ዜናና ማስታወቂያ መለየት ጀምሬያለሁ።

[ሳፋውን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ቦርሳዋን ታነሳለች።]

አማት፦ በቃ፣ እኔ ታክሲ ይዤ ልጄን ላምጣ። አምስት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ትወጣለች ተብሏል። አንተ እዚህ ኩሬህን ጠብቅ።

ኢንጂነሩ፦ በታክሲ? የመጀመሪያ ልጄ? አባቷ መኪና እያለው?

አማት፦ አባቷ መኪና የለውም። መኪና የነበራቸው አያቷ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ሲሞቱ መኪናውን ለልጄ ተዉላት፣ ልጄ ደግሞ አንተን አገባች። እንዲህ ነው መኪናው ለመከራ የተዳረገው።

ኢንጂነሩ፦ እሺ፣ ይስደቡኝ። ግን ልጄ በአያቷ መኪና ነው ወደ ቤቷ የምትገባው።

አማት፦ ወደ የትኛው ቤት?

ኢንጂነሩ፦ ወደ... እዚህ ነዋ።

አማት፦ ወደዚህ! እንዳትረሳ። ተነጋግረን ጨርሰናል። የልጅ ልጄ መጀመሪያ የምትተኛው እኔ ጓዳ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተቀይሯል፣ ጎረቤቱ በሙሉ ተነግሮታል።

ኢንጂነሩ፦ እናቴም እኮ አልጋ አንጥፋ ነበር...

አማት፦ ታጥፈዋ! አንሶላ ማጠፍ ደግ ስራ ነው፣ ወገብ ያፍታታል።

ኢንጂነሩ፦ እንዳሉት ነው እማማ። እንግዲህ ቁጭ ይበሉ፣ ችግሩን አግኝቼዋለሁ። ቴርሞስታቱ ነው።

አማት፦ ምኑ?

ኢንጂነሩ፦ [ትንሽ ካርቶን ከኪሱ አውጥቶ] ቴርሞስታት። አዲስ ገዝቻለሁ። እንዴት ብዬ ላስረዳዎት... እንደ በር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ሲከፈት ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

አማት፦ ዘበኛ ነው በለኛ።

ኢንጂነሩ፦ አዎ! ዘበኛ። እና የኛ ዘበኛ ሞቷል። በሩ አልከፈት ሲል ውሃው ይጨናነቃል፣ ሲጨናነቅ ይፈሳል።

አማት፦ የት ጋ?

ኢንጂነሩ፦ ምኑ የት ጋ?

አማት፦ የሚፈሰው ነዋ። የት ጋ እንደሆነ ጎንበስ ብለህ አይተሃል?

ኢንጂነሩ፦ እማማ፣ ያወቀ ሰው አያጎነብስም። ያስባል።

አማት፦ እሱስ ልክ ነህ። ስታስብ ነው ካልሲህ የራሰው።

[ኢንጂነሩ እግሩን ያያል። ኩሬው መሃል ቆሟል። አማት ቦርሳዋን ይዛ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች።]

ኢንጂነሩ፦ ይስሙት! እማማ፣ ይስሙት! [ዘሎ ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል] ሰሙት?

አማት፦ [ቆማ] ምኑን?

ኢንጂነሩ፦ ቴርሞስታቱን። ይቃትታል።

አማት፦ ይቃ... ምን አልክ?

ኢንጂነሩ፦ ይቃትታል! እህ... እህ... እህ... ጣር ላይ ነው። ጆሮ ያለው ሰው በሽታውን በድምፁ ይለየዋል።

[አማት ቦርሳዋን ቀስ ብላ መልሳ ታስቀምጣለች።]

አማት፦ እንግዲህ ይሄንን ትቼ የት እሄዳለሁ? ቅድም ሞቷል አላልክም? የሞተ ይቃትታል?

ኢንጂነሩ፦ በደንብ አልሞተም። በመሞት ላይ ነው።

አማት፦ ከሆነስ ቤተሰቦቹ ይጠሩ።

[ስልኩ ይጮሃል። ኢንጂነሩ በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ ያነሳል።]

ኢንጂነሩ፦ ወዬ ፍቅሬ... እሺ... አሉ፣ አሉ፣ እዚሁ አጠገቤ ናቸው... አይ፣ የትም አልሄዱም... እሺ። [ይዘጋል]

አማት፦ ልጄ ናት? ምን አለች? ስለኔ ነው ያወራችሁት?

ኢንጂነሩ፦ ዶክተሩ ገና አልፈረመም አለች። ትንሽ ይቆያል። «እናቴ ደህና ናት ወይ» ብላ ነው የጠየቀችኝ።

አማት፦ የኔ ልጅ! ተኝታ እንኳ ስለኔ ነው የምታስበው። አንተ ግን ሞተሩን አጥፋው፣ ግቢዬን በጭስ ሞላኸው።

ኢንጂነሩ፦ [ያጠፋል] አሁን መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ውሃውን እናወርዳለን። [ፊቱን ወደ ክዳኑ አስጠግቶ እጁን ይሰዳል]

አማት፦ አቁም!

ኢንጂነሩ፦ ምነው?

አማት፦ አሁን አይደል ያስነሳኸው? የፈላ ድስት ክዳን ፊትህን ደፍተህ ነው የምትከፍተው?

ኢንጂነሩ፦ ይሄ ድስት አይደለም፣ ሞተር ነው።

አማት፦ እሳት አለው?

ኢንጂነሩ፦ አለው።

አማት፦ ውሃ አለው?

ኢንጂነሩ፦ አለው።

አማት፦ ክዳን አለው?

ኢንጂነሩ፦ አለው።

አማት፦ ታዲያ ምን ቀረው፣ ሽንኩርት? እጅህን አንሳ! ልጄ ፊቱ የተላጠ ባል ይዛ ፎቶ እንድትነሳ አልፈልግም። እስኪበርድ ቁጭ በል።

[ሁለቱም በረንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። አማት ብዙ ዝም ማለት አይሆንላትም።]

አማት፦ ሕፃኗን ትናንት አየኋት። ቁርጥ እኔን።

ኢንጂነሩ፦ እናቴም አይታት «ቁርጥ እኔን» አለች።

አማት፦ እናትህ መነጽሯን ረስታ ነው የመጣችው፣ ነርሷን ነው አቅፋ የሳመችው። አፍንጫዋን አላየህም? የኔ ነው። ግንባሯ የኔ ነው። ያ ጩኸቷስ?

ኢንጂነሩ፦ ጩኸቷማ የእርስዎ ነው። እሱ ላይ ማንም አልተከራከረም።

አማት፦ ምን አልክ?

ኢንጂነሩ፦ ድምፀ መረዋ ናት አልኩ።

አማት፦ እናትህን ደግሞ እኔ ምን በወጣኝ፣ ክፉ አይወጣኝም። ሰው ናት። ነገር ግን እንዲያው ዝም ብላ ስትቀመጥ ግድግዳ ትመስላለች። ሕፃን ልጅ እሷ ቤት ብትገባ ወሬ የሚባል ነገር ሳትሰማ ነው የምታድገው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንደበቷ አይፈታም! እዚህ ቤት ግን ጠዋት የጎረቤት ሰው ይገባል፣ ከሰዓት ሌላው ይገባል፣ ማታ ደግሞ የጠዋቱ የረሳውን ሊነግረኝ ይመለሳል። ልጅ የሚያድገው እንዲህ ነው።

ኢንጂነሩ፦ አራሷስ መቼ ትተኛለች?

አማት፦ ምን ትተኛለች? እየተኛች ልታሳድግ ነው? አሁን በረደ፣ ተነስ።

[ኢንጂነሩ ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ቆርቆሮው ላይ ያወርዳል። ቆርቆሮው ከታች ያፈሳል። አማት ሌላ ጀሪካን በእግሯ ገፋ ታደርግለታለች። ከዚያ ቦርሳዋን ታነሳለች።]

አማት፦ እንግዲህ አራት ተኩል ሆነ። ዶክተሩም ፈርሞ ይሆናል። እኔ ልሂድ።

ኢንጂነሩ፦ ይሂዱ እማማ። ሁለት ቡሎን ብቻ ነው የቀረኝ። እነሱን ወደ ቀኝ አዙሬ እፈታና...

አማት፦ [ትዞራለች] ወደ የት?

ኢንጂነሩ፦ ወደ ቀኝ።

አማት፦ የጠርሙስ ክዳን ስትከፍት ወደ የት ነው የምታዞረው?

ኢንጂነሩ፦ መኪና ጠርሙስ አይደለም።

አማት፦ እሱስ፣ ጠርሙስ ቢሆን አያፈስም ነበር።

ኢንጂነሩ፦ ሞተሩ እኮ ፊቱን ወደ እኛ ነው ያዞረው። ስለዚህ የሱ ግራ ለኛ ቀኝ ነው። ይሄ በስልኬ ባየሁት ቪዲዮ ላይ በግልፅ ተብራርቷል። [ወደ ቀኝ ይታገላል፣ ይቃትታል] እህ... እህ...

አማት፦ ይሄኛው ይቃትታል፣ ይሄኛውን ሰማሁት።

ኢንጂነሩ፦ ዝጎ ነው! ዝገት ነው!

አማት፦ ቆይ ልጄ፣ አትበጥሰው። [ቦርሳዋን ጥላ መፍቻውን ትቀበለዋለች፣ ወደ ግራ ትገፋለች፣ ቡሎኑ እሺ ይላል] ይኸው። ሞተሩ ፊቱን አዙሮ መሆን አለበት።

ኢንጂነሩ፦ እኔ አላልቼው ነው እንጂ።

አማት፦ እንዴታ! አንተ አላልተኸው ነው። ደካማ አሮጊት በምን አቅሟ።

[ሁለተኛውን ራሱ ይፈታል። ከላይ ያለውን ወፍራም ጎማ ቱቦ ገለል አድርጎ የቴርሞስታቱን ቤት ክዳን ያነሳል። አጮልቆ ያያል። ጣቱን ይከታል። ያወጣል። እንደገና ያያል።]

አማት፦ ምነው? አሁንም ጣር ላይ ነው?

ኢንጂነሩ፦ የለም።

አማት፦ አረፈ?

ኢንጂነሩ፦ የለም! ባዶ ነው! ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለበትም!

አማት፦ አትለኝም!

ኢንጂነሩ፦ ተሰርቋል። እማማ፣ ተሰርቀናል!

አማት፦ [ደረጃው ላይ ተመቻችታ ትቀመጣለች] ንገረኝ እስቲ፣ እንዴት ተሰረቅን?

ኢንጂነሩ፦ ሌባ ገብቶ...

አማት፦ ሌባ ገብቶ። ጎማውን ትቶ፣ ባትሪውን ትቶ፣ ያሰጣሁትን ብርድ ልብስ ትቶ፣ ሁለት ቡሎን ፈትቶ ዘበኛውን ይዞ፣ ሁለቱን ቡሎን መልሶ አጥብቆ፣ የወረደውን ውሃ ሞልቶ፣ ኮፈኑን ዘግቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሌባ ካገኘህ አምጣልኝ፣ ከሁለተኛዋ ልጄ ጋር አስተዋውቀዋለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ወይም ቀልጧል። ሙቀት በዝቶበት ቀልጦ ከውሃው ጋር...

አማት፦ ብረቱ?

ኢንጂነሩ፦ ቀስ በቀስ እማማ፣ በአንድ ቀን አይደለም።

አማት፦ ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ቅድም ሲቃትት የነበረው ማን ነው? ነፍሱ ናት?

[አማት እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።]

አማት፦ ወይኔ ሆዴ! አየህ የኔ ሊቅ፣ ይሄ መኪና ቴርሞስታት ከተባለው ነገር ጋር ከተለያየ አስራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ናቸው በእጃቸው ያወጡት። ያኔ መካኒኩ ሁሉ «እሱን አውጥተህ ጣል፣ ሞተሩ አይግልም» ይል ነበር፣ ሹፌሩም ሁሉ ያወጣ ነበር።

ኢንጂነሩ፦ ያውቁ ነበር?!

አማት፦ እዚሁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሲያወጡት አየሁ እኮ።

ኢንጂነሩ፦ እና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳበላሽ ዝም ብለው ያዩኛል?

አማት፦ መች ጠየቅከኝ? «ያወቀ ሰው ያስባል» አልከኝ። ሐሳብህን ላቋርጥ?

[ስልኩ ይጮሃል።]

ኢንጂነሩ፦ ወዬ... እሺ... እሺ... አይ፣ ገና እየሳቁብኝ ነው... ደህና ናቸው፣ በጣም ደስ ብሏቸዋል... እሺ ፍቅሬ። [ይዘጋል] ዶክተሩ ስብሰባ ገባ አለች። እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል።

አማት፦ ዶክተር ሆኖ በስራ ሰዓት ስብሰባ! ይሁን፣ ቀጥል። አዲሱን ልትከተው ነው?

ኢንጂነሩ፦ [ካርቶኑን ቀዶ ቴርሞስታቱን ያወጣል] ከገዛሁትማ! ይሄ ሞላ ያለበት ጎን ወደ ላይ ነው፣ ወደ እኛ።

አማት፦ ወደ ውስጥ ነው።

ኢንጂነሩ፦ እንዴት አወቁ?

አማት፦ እሳቸው ሲያወጡት ሞላው ከታች ነበራ። እኔ ማንበብ አልችልም እንጂ ማየት ማን ከለከለኝ?

ኢንጂነሩ፦ ወደ እኛ ካልሆነ እንዴት ይተነፍሳል?

አማት፦ በአፍንጫው። ገልብጠው ብዬሃለሁ!

[ይገለብጠዋል። ክዳኑን መልሶ ሁለቱን ቡሎን ያጠብቃል፣ አዲስ ኩላንት ይሞላል፣ የተቀደደውን ካርቶን መሬት ላይ ይጥላል። ሞተሩን ያስነሳል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ከስር ያያሉ። ጠብ። ጠብ። ጠብ።]

አማት፦ እንኳን ደስ ያለህ። ዘበኛ ቀጠርክለት፣ ውሃው ግን በአጥር ዘሎ ይወጣል።

ኢንጂነሩ፦ [ቁጭ ይላል፣ ግንባሩን በጥቁር እጁ ይይዛል] በቃ። ልጄ ስታድግ ምን ልላት ነው? «ከሆስፒታል ላመጣሽ አልቻልኩም፣ አንድ ጠብታ አሸነፈችኝ» ልበላት?

አማት፦ ኧረ ተው፣ እንዲህ አትበል። [ትንሽ ልቧ ይባባል] ካቻቢቴ አለህ? አምጣው። [ተንበርክካ ከስር ትገባለች] ይኸውልህ። የታችኛው ቱቦ፣ ይሄ ማሰሪያው ብረት፣ ፋሻታ የምትሉት፣ ላልቷል። [ሁለቴ ታዞራለች] የአትክልት ቧንቧ ስንቴ እንዲህ አጥብቄያለሁ! እይ።

[ያያሉ። ጠብ... አይልም።]

ኢንጂነሩ፦ ቆመ!

አማት፦ ቆመ! ሁለት ዙር! ቴርሞስታት የለ፣ ትምህርት የለ፣ ስልክ የለ! አንተ በጠዋት ተነስተህ ሞተሩን ስትበልት፣ እቃ ስትገዛ፣ ሌባ ስትፈጥር! ይሄን እኔ ለሰፈሩ ካልነገርኩ ምን ልነግር ነው? ጎረቤቴ ገና ዛሬ ሲመሽ ትሰማለች፣ የዳቦ ቤቷ ደግሞ ነገ። እስከ ሳምንት ድረስ የማላውቃቸው ሰዎች ለኔው መልሰው ይነግሩኛል።

[መኪናው ውስጥ ገብታ የፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች። ሞተሩ እየሰራ ነው።]

አማት፦ በል ንዳ! ወደ ሆስፒታል! ልጆቼን ላምጣ!

[ኢንጂነሩ እጁን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ይታጠባል። ስልኩ ይጮሃል።]

ኢንጂነሩ፦ ሃሎ እማዬ። ገባችሁ?... እሷስ በላች?... ተኝታለች? ሁለቱም?... ጎሽ። መጋረጃውን ዝጊላቸው። እሺ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ።

አማት፦ ማን ናት? የማን መጋረጃ?

ኢንጂነሩ፦ እናቴ ናት። ልጅዎና የልጅ ልጅዎ በሰላም ገብተዋል።

አማት፦ የት?

ኢንጂነሩ፦ እናቴ ቤት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ከሆስፒታል የወጡት። በታክሲ።

[አማት ቦርሳዋን ከእቅፏ አውርዳ ወደ እሱ ትዞራለች።]

ኢንጂነሩ፦ ለአስር ቀን ብቻ ነው እማማ። ልትተኛ ፈለገች። ሰው የማይገባበት፣ ሰው የማይወጣበት ቤት ልተኛ አለች። ለእርስዎ ይሄን ማን ደፍሮ ይነግርዎታል?

አማት፦ ዶክተሩስ? ፊርማውስ?

ኢንጂነሩ፦ ትናንት ማታ ፈርሟል።

አማት፦ ስብሰባውስ?

ኢንጂነሩ፦ ስብሰባማ የለም።

አማት፦ ይሄ ፋሻታስ?

ኢንጂነሩ፦ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሴ ነኝ ያላላሁት። ሁለት ዙር።

አማት፦ ቴርሞስታት እንደሌለውስ?

ኢንጂነሩ፦ ልጅዎ ነግራኛለች። አባቷ ሲያወጡት ባትሪ ያበራችላቸው እሷ ናት። አዲስ የገዛሁት መኪናው እውነትም ስለሚያስፈልገው ነው፣ ጠዋት ጠዋት እስኪሞቅ ነዳጅ ይጨርስብኛል። በዚያው ልግጠመው ብዬ ነው።

አማት፦ ያ ሁሉ... ሲቃትት... ሌባው... ወደ ቀኝ ስታዞር?

ኢንጂነሩ፦ ወደ ቀኝ ማዞሩ ከብዶኝ ነበር። ቡሎኑን እንዳልበጥሰው ፈርቼ።

አማት፦ ይሄን የመከረህ ማን ነው? እናትህ ናት! ያቺ ግድግዳ!

ኢንጂነሩ፦ እናቴ ምኑንም አታውቅም። የመከረችኝ ልጅዎ ናት። «እናቴ ታክሲ ይዛ ከመጣች ቁርጥ ነው፣ ይዛኝ ትሄዳለች» አለች። «በር ብትቆልፍባትም በመስኮት ትወጣለች። እናቴን አንድ ቦታ የሚያስቀምጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የምትሰድበው ሰው። ፊቷ ጅል አስቀምጥላት፣ ከዚያ ንቅንቅ አትልም» አለችኝ።

[አማት ቦርሳዋን ታያለች። በሩን ታያለች። ስንት ጊዜ አንስታ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠች በጣቷ የምትቆጥር ይመስላል።]

አማት፦ እና ጠዋቱን ሙሉ ጅሉ አንተ አልነበርክም።

ኢንጂነሩ፦ [መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ] እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ቃል ለአማቴ አልጠቀምም። አሁን ይዤዎት ልሂድ፣ ልጅቷን ይዩዋት። ድምፅ ቀነስ አድርገው ነው ታዲያ። ሞተሩም ጥሩ ሞቋል፣ ዘበኛችንም በሩን ሊከፍት ነው። ሰዓቱን ጠብቆ፣ እንደ አዋቂ...

[ፍሽሽሽ! ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ አረንጓዴ ውሃ ከላይ ከቴርሞስታቱ ቤት ክዳን ዙሪያ እንደ ፏፏቴ ይንዠቀዠቃል። ኢንጂነሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ይወርዳል። አማት ግን ቀስ ብላ ትወርዳለች። መሬት የተጣለውን የተቀደደ ካርቶን አንስታ ታራግፈዋለች። አንዲት ክብ ጥቁር ጎማ ትወድቃለች።]

አማት፦ [አንስታ፣ ጣቷ ላይ አጥልቃ እያሽከረከረች] ይቺስ ምንድናት?

ኢንጂነሩ፦ [ቀስ ብሎ] ጓርኒሲዮን ትባላለች። ውሃው እንዳይወጣ... ከክዳኑ ስር የምትገባ።

አማት፦ ይቺንም ከልጄ ጋር መክራችሁ ነው ካርቶን ውስጥ የረሳችኋት?

ኢንጂነሩ፦ [ጎማዋን ያያል፣ ፏፏቴውን ያያል] አይ እማማ። ይቺ የራሴ ናት።